ያበጠውን ዐይን ሳትከፍቱ ሪፈር አትጻፉ

ጅማ ውስጥ ፊቱ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሰው ምን እንዳገኘው ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ከከተማው ከሆነ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ነው፤ ማታ ከሆነ ቡጢ ወይም ጠርሙስ፤ ከገጠር ከሆነ ዱላ፣ የበሬ ቀንድ፣ ከመጥረቢያ ሥር የተፈናጠረ ፍላጭ፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጎብጦ ተመልሶ የገረፈ ቅርንጫፍ። አደጋው ይለያያል እንጂ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይመሳሰላል። ደሙ ይታጠባል፣ ቁስሉ በጥሩ እጅ ይሰፋል፣ መንጋጋው ይታያል፣ ራጅ ይታዘዛል። ያበጠው ዐይን ግን «እብጠቱ ሲቀንስ እናየዋለን» ተብሎ ይታለፋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የዐይኑ ቆብ ሲከፈት ዐይኑ ብርሃን አይለይም። ያን ጊዜ ዐይኑ በአደጋው ቅጽበት ይጥፋ ወይስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠበቅ ማንም ሊናገር አይችልም፤ የተጻፈ ነገር የለምና።

ይህን የምጽፈው በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ፣ በአሰንዳቦና በመሳሰሉት ከተሞች ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። አስታማሚም ቢያነበው አይጎዳም። የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ ከፊት ጉዳት በኋላ ዐይን ከሚያጠፉት ምክንያቶች አንዱ፣ ከዐይን ኳሱ ኋላ የሚፈስ ደም፣ ጅማ እስኪደረስ አይጠብቅም፤ እሱን የሚፈታው መቀስ ደግሞ እናንተው ቁስል መስፊያ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ማየቱ መጀመሪያ ይለካ

ቆቡን መግለጥ የራሱ አያያዝ አለው። ቆቡን በሁለት ጣት ኳሱ ላይ ተጭኖ መሳብ አደገኛ ነው፤ ኳሱ ተቀዶ ከሆነ ውስጡ ያለው በዚያ ግፊት ይወጣል። አንዱ አውራ ጣት የቅንድቡ አጥንት ላይ፣ ሌላው የጉንጩ አጥንት ላይ ያርፍና ቆዳው አጥንቱን ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል። ጫናው በሙሉ አጥንቱ ላይ ነው። ደም ካንሸራተተ ደረቅ ጎዝ በጣት ላይ ይጠቅለል። በጣት እምቢ ካለ የቆብ መሳቢያ ይፈለጋል። መሳቢያ ከሌለ ሁለት የብረት ወረቀት መያዣ ክሊፖች ጫፋቸው ወደ ኋላ ታጥፎ፣ በአልኮል ተጠርገውና ደርቀው ያገለግላሉ፤ ቅባቸው የሚላጥ ከሆነ ግን አይሆኑም።

ቀጥሎ ደህናው ዐይን በመዳፍ ይሸፈናል። በጣት አይሆንም፤ በጣቶች መሃል አጮልቆ የማያይ ሰው የለም፣ ልጅ ከሆነማ የታወቀ ነው። የፊደል ሰሌዳ ካለ በ6 ሜትር፣ ከሌለ በ1 ሜትር ጣት ማስቆጠር፦ «አባባ፣ ስንት ጣት ይታይዎታል?» ታማሚው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ በኦሮምኛ ይጠየቁ፤ ጥያቄው ስላልገባው ዝም ያለ ሰው «አያይም» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ጣት ካልተቆጠረ የእጅ እንቅስቃሴ በ30 ሴንቲ ሜትር፣ እሱም ካልታየ ብርሃን። የሞባይል መብራት ይበቃል። ቆቡ ጨርሶ እምቢ ቢልም እንኳ ጠንካራ ብርሃን ቆዳውን አልፎ ይገባል፤ ታማሚው ዐይኑ እንደተከደነ «በራ፣ ጠፋ» ማለት ከቻለ ዐይኑ ብርሃን ይለያል ተብሎ ይጻፋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የብሌን ምርመራ ነው። በፊት ጉዳት ላይ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የማምነው እሱን ነው። ክፍሉ ይጨልም፤ ታማሚው ሩቅ ግድግዳ ይመልከት። ብርሃኑ ደህናው ዐይን ላይ ለ3 ሰከንድ ይያዝና በፍጥነት ወደ ተጎዳው ይሻገር፤ እዚያም 3 ሰከንድ፤ ከዚያ ይመለስ፤ እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ። ብርሃኑ የተጎዳው ዐይን ላይ ሲያርፍ ብሌኑ በመጥበብ ፈንታ ከሰፋ፣ ከዐይኑ ወደ አንጎል የሚሄደው መስመር ተጎድቷል ማለት ነው። የዕይታ ነርቩ ወይም ሰፊ የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዐይን የውስጥ ሽፋን) ክፍል አይሠራም። የሌንስ መደፍረስ ወይም ፊት ለፊት የተጠራቀመ ደም ብቻውን እንዲህ ያለ ምልክት እምብዛም አያመጣም፤ ስለዚህ «ደሙ ሲጠራ ያያል» ብሎ ማጽናናት አይቻልም።

ምርመራው የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ባትሪው ደክሞ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ብርሃኑን በጣም አቅርቦ በመያዝ ነው፤ ታማሚው ብርሃኑን ራሱን ሲያይ ሁለቱም ብሌኖች ይጠባሉ። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያቆምበት የተጎዳው ብሌን ራሱ ተቀዶ ወይም ሽባ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የደህናው ብሌን ብቻ ይታይ። ሁለቱ ብሌኖች የሚታዘዙት በአንድ ትእዛዝ ነው፤ ብርሃኑ ወደ ተጎዳው ዐይን ሲሻገር ደህናው ብሌን ከሰፋ መልሱ ያው ነው። ራሱን በሳተ ሰው ላይ ይህ ብቸኛው ምስክር ስለሆነ፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከመደረጉ በፊት ውጤቱ ይጻፍ።

ቀይ የእስክሪብቶ ክዳን ለእያንዳንዱ ዐይን ማሳየትም ዋጋ አለው። በአንዱ ዐይን ደማቅ ቀይ፣ በሌላው የደበዘዘ ቡናማ ከታየ ነርቩ ይጠረጠራል። ይህ ሁሉ ሲደመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከኳሱ በስተኋላ የሚፈስ ደም

የዐይን ጉድጓድ ጠቅላላ ይዘቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ኳሱ 7 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል። ዙሪያው አጥንት ነው፤ ከፊት ደግሞ ቆቦቹን ከአጥንቱ ጋር ያሰሩ ጠንካራ ጅማቶች አሉ። ከኳሱ ኋላ ትንሽ የደም ሥር ተበጥሶ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ቢፈስ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ኳሱ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጅማቶቹ ይወጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው እያንዳንዱ ጠብታ ግፊት ነው። ግፊቱ የደም ሥሮቹን ሲበልጥ ነርቩና ሬቲናው ደም ያጣሉ።

የሬቲናን የደም ሥር በመዝጋት በዝንጀሮዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ሬቲና ያለ ደም እስከ 100 ደቂቃ ገደማ እንደሚቆይ፣ 4 ሰዓት ሲሞላ ግን ጉዳቱ ሰፊና የማይመለስ እንደሚሆን አሳይተዋል። በሥራ ላይ 90 ደቂቃ ተብሎ የሚያዘው ከዚህ ነው። አሁን መንገዱን አስቡት። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምቡላንስ ተጠርቶ፣ ነዳጅ ተፈልጎ፣ አስታማሚ ተሰናድቶ ሲደረስ ጊዜው አልቋል። ከበደሌ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማስላትም አያስፈልግም። ስለዚህ «ለዐይን ሐኪም ተልኳል» የሚለው ወረቀት ለዚህ ችግር ሕክምና አይደለም።

ምልክቶቹ ተጣምረው ይመጣሉ፦ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ እየቀነሰ የሚሄድ ዕይታ፣ ከላይ ከግንባር በኩል ሲታይ ወደ ፊት የወጣ ኳስ፣ በየትኛውም አቅጣጫ መዞር ያቃተው ዐይን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቆብ፣ በብርሃን የሚሰፋ ብሌን። የግፊት መለኪያ ካለ ከ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ መሆኑ ውሳኔውን ያጸናል፤ ጤነኛ ዐይን ከ10 እስከ 21 ነው። መለኪያ ከሌለ፣ ኳሱ አለመቀደዱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሁለቱን ዐይኖች በተከደነ ቆብ ላይ በቀስታ በጣት ማነጻጸር ይቻላል። ሲቲ ስካን አይጠበቅም። ሲቲ ደሙን ያሳያል እንጂ አያስወጣም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ቢሆን ምልክቱ የተሟላ ታማሚ ወደ ሲቲ የሚሄደው የቆቡ ጅማት ከተቆረጠለት በኋላ መሆን አለበት።

የሚቆረጠው ኳሱ አይደለም። ሥራው ካንቶቶሚና ካንቶላይሲስ ይባላል፤ የዐይኑን የውጭ ጥግ ከፍቶ የታችኛውን ቆብ ከአጥንቱ ጋር ያሰረውን ጅማት መበጠስ ነው። የሚያስፈልገው 2 ፐርሰንት ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር፣ ቀጭን መርፌ፣ ቀጥ ያለ አርተሪ ፎርሴፕስ፣ ጥርስ ያለው ፎርሴፕስና ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቀስ ነው።

ቦታው ይጸዳል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን በውጭው ጥግ ላይ ይወጋል፤ የመርፌው ጫፍ ሁልጊዜ ከኳሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞር። የአርተሪ ፎርሴፕሱ አንዱ ከንፈር ከቆዳው በላይ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ጥጉ እስከ አጥንቱ ጠርዝ ድረስ ለ1 ደቂቃ ይቆነጠጣል፤ ይህ ደሙን ይቀንሳል፣ የሚቆረጠውንም መስመር ያሳያል። ፎርሴፕሱ ይወጣና በዚያው መስመር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የአጥንቱ ጠርዝ እስኪነካ፣ በመቀስ ይቆረጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ገና አሁን ነው። ቆዳውን መክፈት ብቻውን ግፊቱን ብዙም አያወርድም። የታችኛው ቆብ በፎርሴፕስ ተይዞ ከኳሱ እየራቀ ወደ ፊት ይሳብ። የመቀሱ ጫፍ ተዘግቶ ወደ ቁስሉ ሲገባና ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካካ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር ይገኛል፤ ጅማቱ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከማየት ይልቅ በመዳሰስ ይታወቃል፣ ቦታው በደም ይሞላልና። መቀሱ ተከፍቶ፣ ጫፉ ከኳሱ ሸሽቶ ወደ ታችና ወደ አጥንቱ ዞሮ ይቆረጣል። ጅማቱ በትክክል ከተቆረጠ ቆቡ ወዲያው ይላላል፤ ሲሳብ ያለ ተቃውሞ ከኳሱ ይርቃል። ካልላላ አልተቆረጠም፤ እንደገና ይዳሰስ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ዕይታውና ብሌኑ ይታይ፣ መለኪያ ካለ ግፊቱም ይለካ። አሁንም ከ40 በላይ ከሆነ የላይኛው ጅማትም በተመሳሳይ መንገድ ይቆረጣል፤ እዚያ የእንባ ዕጢው ቅርብ ስለሆነ መቀሱ ጥልቅ አይግባ።

ቁስሉ አይሰፋም። ክፍት ይተዋል፣ አንቲባዮቲክ ቅባት ይደረግበታል፤ እብጠቱ ካለፈ በኋላ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ካስፈለገ ይጠገናል፤ ብዙው በራሱም በደህና ይድናል። በጥንቃቄ የተቆረጠ ቆብ ጠባሳው ትንሽ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ተቆርጦ የተገኘ ጥግ በቀላሉ ይጠገናል፤ ጥጉ ሳይቆረጥ ቀርቶ የሞተ ነርቭ ግን አይጠገንም። ለዚህም ነው ከመጠራጠር መቁረጥ ይሻላል የምለው። እጅን አስቀድሞ ለማለማመድ ከሥጋ ቤት የመጣ የፍየል ጭንቅላት ይረዳል፤ አፈጣጠሩ ከሰው ጋር ባይመሳሰልም መቀሱን ከኳሱ ማሸሽን ያስተምራል።

መድኃኒቶቹ ረዳት ናቸው፤ መቁረጡን ማዘግያ ምክንያት እንዳይሆኑ። አሴታዞላማይድ 500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 250 ሁለት ፍሬ፣ ታማሚው መዋጥ ከቻለና የሰልፋ አለርጂ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለው። ማኒቶል 20 ፐርሰንት በኪሎ 1 ግራም በ30 ደቂቃ ውስጥ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 300 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ደም ብዙ የፈሰሰውና የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ግን ማኒቶል አይሰጠውም። ቲሞሎል 0.5 ፐርሰንት አንድ ጠብታ፣ አስም ከሌለ። ራስጌው በ30 ዲግሪ ከፍ ይበል። ፊቱ ላይ አጥብቆ የታሰረ ፋሻ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይፈታ፤ ግፊቱ ላይ ግፊት እየጨመረ ነው።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ኳሱ የተቀደደ ከሆነ።

የተቀደደ ኳስ

ብሌኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንባ ጠብታ ወደ አንድ ወገን የተሳበ ከሆነ፣ ነጩ ክፍል ዙሪያውን በሙሉ በደም ካበጠ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ነገር በነጩ ላይ ብቅ ካለ፣ ዐይኑ ከሌላው ይልቅ የጎደጎደ ከመሰለ፣ ወይም ታሪኩ ስለታም ነገር ወይም የተፈናጠረ ብረት ካለበት፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ኳሱ ተቀዷል። ምርመራው እዚያው ይቆማል። ግፊት አይለካም፣ ቆቡ አይገለበጥም፣ አይታጠብም።

እዚህ ላይ መልካም አሳቢ እጆች ብዙ ያበላሻሉ። ከቤት ሲመጣ የዳማ ከሴ ጭማቂ ወይም የእናት ጡት ወተት ተደርጎበት ይሆናል። ከጤና ጣቢያ ሲመጣ ደግሞ ቴትራሳይክሊን ቅባት ተሞልቶበት፣ በላዩ ጎዝ ተደርቦ ጥብቅ ተብሎ ታስሮ ይሆናል። ቅባቱ በቅዳዱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጎዙ ኳሱን ይጫናል፣ ወጥቶ የነበረውን ሥጋም ሲነሳ ይዞት ይመጣል። የሚያስፈልገው ኳሱን የማይነካ ጠንካራ ሽፋን ነው። የተዘጋጀ የዐይን መከለያ ከሌለ የወረቀት ኩባያ ታችኛው ግማሽ ተቆርጦ፣ ጠርዙ የቅንድብና የጉንጭ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ በፕላስተር ይያያዛል። የተሰካ እንጨት ወይም ሽቦ ካለ አይነቀልም፤ ኩባያው በዙሪያው ይያዝና እንዳለ ይላካል።

ማስታወክ የተቀደደ ዐይን ጠላት ነው፤ ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ከመንገዱ በፊት ይሰጥ። ሕመሙም በማስታገሻ ይብረድ፤ የሚጮኽ ልጅ ኳሱን ራሱ እየጨመቀ ነው። ምግብና መጠጥ ይቁም፣ የበላበት የመጨረሻ ሰዓት ይጻፍ፤ የማደንዘዣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የቴታነስ ክትባት ይሰጥ። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመር፤ ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም ይመረጣሉ፣ ከሌሉ ባለው ይጀመርና ምን እንደተሰጠ ይጻፍ። አፈር ወይም እበት የነካው ቁስል በተለይ አይዘግይ፤ በአፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ ኳስ ውስጥ ከገባ በአንድ ሁለት ቀን ዐይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ስፌቱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። የተፈናጠረ ብረት ከተጠረጠረ ኤምአርአይ አይታዘዝም፤ ማግኔቱ ብረቱን ያንቀሳቅሰዋል።

አስታማሚዎች «ዐይኑ ይወጣል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው መስፋት ነው እንጂ ማውጣት አይደለም፤ መልሶ ሊሰፋ እስከቻለ ድረስ ብርሃን የማይለይ ዐይንም ይሰፋል። ቆይቶ፣ ምንም የማያይና የሚያም ሆኖ ከቀረ፣ ማውጣት ይነሳል። አንዱ ምክንያት፣ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ቢደርስም፣ የተጎዳው ዐይን የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ደህናውን ዐይን ሊያስጠቃ መቻሉ ነው። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ ደህናው ዐይን ብርሃን ከፈራ፣ ከቀላ ወይም ከደበዘዘ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይመጣል።

ንጹሕ ሆኖ የማያይ ዐይን

ቅንድቡን ተመቶ፣ ምናልባት ሁለት ስፌት ብቻ ያለው፣ ኳሱ ነጭና ንጹሕ፣ ግን «በዚህኛው አይታየኝም» የሚል ሰው አለ። «ያስመስላል» ይባላል፣ ለፖሊስ ወረቀት ነው ይባላል። ብሌኑን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የቅንድብ አጥንት ላይ ያረፈ ምት ኃይሉ በአጥንቱ ውስጥ ተጉዞ የዕይታ ነርቩ ወደ ራስ ቅል በሚገባበት ጠባብ ቦይ ላይ ያርፋል። ነርቩ እዚያ ከአጥንቱ ሽፋን ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መሸሻ የለውም። የነርቩ ጫፍ በመጀመሪያው ቀን ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ የሚነጣው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ያለው ማስረጃ በብርሃን የሚሰፋው ብሌን ብቻ ነው።

ሕክምናው ላይ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ለዓመታት ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ይሰጥ ነበር፣ ዛሬም ልማዱ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት በአንድ ዐይናቸው የተጎዱ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ በሰሌዳው ላይ ሦስት መስመርና ከዚያ በላይ የተሻላቸው ስቴሮይድ ከወሰዱት 52 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ነርቩ ከተለቀቀላቸው 32 በመቶ፣ ምንም ካልተደረገላቸው 57 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ምንም ያልተደረገላቸው 9 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩ «አለመታከም ይሻላል» አያሰኝም፤ ስቴሮይዱ እንደሚጠቅም ግን አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ክራሽ የተባለው ሙከራ ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ የጭንቅላት ጉዳተኞችን ይዞ፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት ውስጥ በሁለት ሳምንት 21.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 17.9 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ፊቱ ተመትቶ ነርቩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱም ተመትቷል። ስለዚህ «ምናልባት ይረዳ እንደሆነ» ተብሎ የሚታዘዝ ከፍተኛ ስቴሮይድ ከሞት ጋር የሚያያዝ አደጋ ያለበት ትእዛዝ ነው፤ እኔ አልደግፈውም። የአጥንት ስባሪ ነርቩን ሲጫን በሲቲ ከታየ ወይም ዕይታው መጀመሪያ ኖሮ በኋላ እየወረደ ከሄደ ቀዶ ሕክምና መነጋገሪያ ይሆናል። እዚህም ላይ የመጀመሪያው ሰዓት ዕይታ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ ካልተጻፈ «እየወረደ ነው» ማለት አይቻልም።

ለቤተሰብ የሚነገረው እውነት ይህ ነው፦ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት በራሳቸው በተወሰነ ደረጃ ይሻላቸዋል፣ ከመጀመሪያው ብርሃን ያልለየ ዐይን ግን ተስፋው ትንሽ ነው፣ መነጽር አይመልሰውም።

ፊት ለፊት የሚታይ ደም፣ ስባሪና ልጆች

ከኮርኒያው፣ ከዐይኑ ፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በስተጀርባ ደም እንደ ደለል ተኝቶ ከታየ ትራስ ከፍ ተደርጎ ይተኛል፣ መከለያ ይደረጋል፣ አትሮፒን 1 ፐርሰንትና የፕሬድኒሶሎን ጠብታ ኳሱ አለመቀደዱ ሲረጋገጥ ይጀመራል። አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቁሙ፣ ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። የሚያስፈራው ሁለተኛው መድማት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ከመጀመሪያው ይበዛል፣ ግፊቱንም ይሰቅላል። «ደሙ ሊጠፋ ነው» ብሎ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው ዐይኑን ለዚህ ያጋልጣል። ግፊቱ 50 ሆኖ ለ5 ቀናት ከቆየ ደሙ በቀዶ ሕክምና ይታጠባል።

የዐይን ጉድጓዱ ወለል ስባሪ በአዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ አስቸኳይ አይደለም። ሁለት ሁለት ማየት፣ የጉንጭና የላይኛው ከንፈር መደንዘዝ፣ የኳሱ መጎድጎድ ይታያል፤ ቀዶ ሕክምናው ካስፈለገ እብጠቱ ጎድሎ በ2 ሳምንት ገደማ ይሠራል። እስከዚያው አፍንጫ መናፈጥ ክልክል ነው፤ አየር ከአፍንጫው ጎን ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ራሱ ነርቩን ሊጫን ይችላል። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ይሁን።

ልጅ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የልጅ አጥንት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶም ይዘጋል፤ ሲዘጋ ጡንቻውን ይቆነጥጠዋል። ዐይኑ ነጭ ነው፣ እብጠት የለውም፣ ልጁ ግን ወደ ላይ ማየት አይችልም፣ ያስታውካል፣ የልብ ምቱ ዝግ ይላል። ማስታወኩ ከጭንቅላት ምት ጋር ተምታቶ ልጁ ለክትትል ብቻ ይተኛል። «ጣቴን በዐይንህ ተከተል» ቢባል ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር። ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ጡንቻው ከዘገየ ይሞታል።

የጉንጭ አጥንት ከተስተካከለ ወይም ወለሉ ላይ መደገፊያ ሳህን (ፕሌት) ከገባ በኋላ የሚመጣ መታወርም አለ። ምክንያቱ ያው ከኳሱ ኋላ የሚፈስ ደም ነው፣ ወይም ሳህኑ ወደ ኋላ ዘልቆ። ታማሚው ከማደንዘዣ ሲነቃ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ቀጥሎ በየ30 ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ እስከ ማለዳ ዕይታና ብሌን ይታይ። ዐይኑ በፋሻ አይታሰር፤ ታስሮ ያደረ ዐይን ሌሊቱን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሌሊት የምትገባዋ ነርስ ይህን ትእዛዝ በቃል ሳይሆን በወረቀት ማግኘት አለባት፤ የጥሪ ስልኩም እዚያው ላይ ይጻፍ።

ሪፈር ወረቀቱና ከዚያ በኋላ

ወደ ጅማ የሚላክ ወረቀት ላይ የሁለቱም ዐይኖች ዕይታ፣ የብሌን ምርመራው ውጤት፣ አደጋው የደረሰበትና ምርመራው የተደረገበት ሰዓት፣ የተሰጠ መድኃኒትና መጠኑ፣ ካንቶላይሲስ ተሠርቶ ከሆነ የተሠራበት ደቂቃ ይኑር። ሰዓቱ በሀገርኛ ይሁን በፈረንጅ ይገለጽ። «3:00» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት 6 ሰዓት ያሳስታል፤ በዚህ ሕመም 6 ሰዓት ማለት ዐይን ማለት ነው።

ዐይኑ ተርፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሥራው አላለቀም። ብልጭታ፣ እንደ ዝንብ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ ካየ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከምቱ ከወራት በኋላም ይመጣል። በወጣት ላይ የዐይን ሞራም ቀስ ብሎ ይከተላል። ውስጡ የደማ ዐይን ደግሞ የውኃው መውጫ ማዕዘን ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ቅዳዱ ከግማሽ ክብ በላይ ከሆነ፣ ግላኮማ (የዐይን ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ የሚገድልበት ሕመም) ከ10 ዓመት በኋላ ሳይታወቅ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱ ይለካ፣ ዕድሜ ልኩን። ታሪኩ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ከ10 ዓመት በኋላ የሚያየው ሐኪም ይህን ሊያውቅ የሚችለው ከዚያ ብቻ ነው።

አንድ ዐይን ብቻ የቀረው ሰው የማየት ቁጥሩ ጤነኛ ቢሆንም የፖሊካርቦኔት መነጽር ያድርግ፤ ተራ መስታወት ሲሰበር ራሱ ስለት ይሆናል። እንጨት ሲፈልጥ፣ ድንጋይ ሲጠርብ፣ ብረት ሲበይድና ቡና ሲለቅም አይውለቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ርቀት መገመት ስለሚከብደው ቡና ከስኒው ውጭ መቅዳት፣ ደረጃ መሳት ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። ባጃጅ ወይም ሞተር የሚያሽከረክር ከሆነ ግን እስኪለምድ ድረስ መሪ አይያዝ።